4-3 ወይስ 3-4?

እኛ በእግር ኳስ 4-4-2 ይሻላል 4-3-3 እያልን እንደምንከራከረው ሁሉ በአሜሪካ ፉትቦልም የመከላከል አሰላለፍ ያከራክራል። በ4-3 አራት ግዙፍ ተጫዋቾች ከፊት መስመር ይሰለፋሉ፣ ከኋላቸው ሦስት ላይንባከሮች ይቆማሉ። በ3-4 ከፊት ያሉት ሦስት ናቸው፤ ከአራቱ ላይንባከሮች የትኛው ኳርተርባኩን ሊጥል እንደሚሮጥ ግን አስቀድሞ መገመት ይከብዳል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ሁሉም ለምን 3-4ን አይመርጥም? በእኔ አስተያየት ጉዳዩ ያለው ሰው ላይ ነው። ግሪን ቤይ ፓከርስ እ.ኤ.አ. በ2008 የውድድር ዘመን 6 አሸንፎ 10 ከተሸነፈ በኋላ ዶም ኬፐርስን የመከላከል አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረና ወደ 3-4 ዞረ። በ2009 መሐሉን የሚዘጋለትን ቢ.ጄ. ራጂንና ከጠርዝ የሚሮጥለትን ክሌይ ማቲውስን መለመለ። በ2011 መጀመሪያ ፒትስበርግን 31 ለ 25 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ስለዚህ ምርጫው ስህተት ነበር ማለት አልችልም።

የነባሩ የአሮን ካምፕማን ነገር ግን ያሳዝነኛል። በ2006 በ4-3 የመስመሩ ጫፍ ላይ ሆኖ 15.5 ሳክ አስመዝግቦ ነበር። አሰላለፉ ሲቀየር ላይንባከር ሁን ተባለ። እጁን መሬት አስነክቶ መነሳት የለመደ ሰው ቆሞ መጀመር፣ አንዳንዴም ወደኋላ ተመልሶ ቅብብል መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ2009 ያገኘው 3.5 ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ተጎድቶ የውድድር ዘመኑን ሳይጨርስ ቀረ። በ2010 ወደ ጃክሰንቪል ሄደ፣ ዋንጫው ሲነሳ እሱ አልነበረም።