«ኔትወርክ የለም» ሲባል፦ በአገልግሎት መስጫ ሕንፃዎች የማልቲካስት ትራፊክን ስለመቆጣጠር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ አካባቢ የሚኖር አንድ ተገልጋይ የነዋሪነት መታወቂያውን ለማሳደስ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄደ እንበል። በአዳራሹ ያሉት ስክሪኖች ስለ አገልግሎቱ የሚያስረዳ ቪዲዮ ያለ እንከን ያሳያሉ። መስኮቱ ላይ ሲደርስ ግን «ኔትወርክ የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ» ይባላል። ተገልጋዩ ጥፋቱን ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ቢጥል አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜም እውነቱ እርሱ ነው። ሆኖም መጨናነቁ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ መሣሪያዎቹን በሚያገናኘው ስዊች ላይ የሚጀምርበት ጊዜ አለ።

ነገሩን በዕድር ማስረዳት ይቀላል። ለአንድ አባል ብቻ የሚላክ መልእክተኛ ዩኒካስት ይባላል። ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን ሁሉ ሲያዳርስ ብሮድካስት ነው። ማልቲካስት ደግሞ በመዝገብ ለሰፈሩ አባላት ብቻ የሚደርስ መልእክት ነው። ላኪው አንድ ቅጂ ይልካል፤ ቅጂው የሚባዛው መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በ«ፕላዝማ» የተማሩ ዜጎች ለሐሳቡ እንግዳ አይደሉም፤ አንድ የሳተላይት ሥርጭት በየክልሉ ላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ይደርስ ነበር።

ስዊች የትኛው መሣሪያ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያውቀው የላኪውን አድራሻ እያየ ነው። ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት የማልቲካስት አድራሻዎች ግን የቡድን መጠሪያ እንጂ የላኪ አድራሻ አይሆኑም። ስለዚህ ስዊቹ አባላቱ የት እንዳሉ ስለማያውቅ ጥሩንባ ነፊ ይሆናል፤ ቪዲዮውን በሁሉም ፖርት ይለቀዋል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚወስዱ ሦስት ቪዲዮዎች ቢኖሩ፣ 12 ሜጋቢት ቪዲዮውን ወዳልጠየቀ ኮምፒውተር ሁሉ ይሄዳል። በሽቦ ለተገናኘ ዘመናዊ ኮምፒውተር ይህ ከባድ ሸክም አይደለም። የሚብሰው በዋይፋይ ላይ ነው። ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ማልቲካስትን የሚልኩት በዝቅተኛ ፍጥነታቸው፣ ለምሳሌ በሰከንድ 6 ሜጋቢት ስለሆነ፣ 12 ሜጋቢቱ አየሩን ሞልቶ የባለሙያውን ላፕቶፕ ያስጠብቀዋል።

መፍትሔው በአብዛኞቹ ማስተዳደር የሚቻልባቸው ስዊቾች ውስጥ አለ፤ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ይባላል። ስዊቹ መሣሪያዎች «የዚህ ቡድን አባል ነኝ» ሲሉ አዳምጦ ይመዘግባል፣ ቪዲዮውንም ለተመዘገቡት ብቻ ያደርሳል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስሕተት አለ። መዝገቡ የሚታደሰው በየጊዜው «አሁንም አባል ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ፣ ማለትም ኩዌሪየር ሲኖር ነው። በተለመደው አሠራር ጥያቄው በየ125 ሰከንዱ ይላካል። ጠያቂ ከሌለ መዝገቡ ከ260 ሰከንድ ገደማ በኋላ ይሰረዝና ስክሪኑ ይጠፋል። ቴክኒሻኑም «ስኑፒንጉ ነው ያበላሸው» ብሎ ያጠፋዋል፤ ስክሪኑ ይመለሳል፣ መጨናነቁም አብሮት ይመለሳል። ትክክለኛው እርምጃ በራውተሩ ወይም በአንዱ ስዊች ላይ ኩዌሪየር ማብራት ነበር። የስክሪኖቹን ኔትወርክ ከሥራው ኔትወርክ በቪላን መለየትም እጅግ ይረዳል።

የማልቲካስትን መጠን በጣሪያ የሚገድበው ስቶርም ኮንትሮል ለድንገተኛ ጎርፍ ይጠቅማል። ጣሪያው እጅግ ዝቅ ካለ ግን ሕጋዊውን ቪዲዮም ይቆርጣል። ማልቲካስትን ጨርሶ መዝጋት ደግሞ አይመከርም፤ አታሚዎች በኔትወርኩ ላይ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው።

ተገልጋዮች ቅሬታ ስታቀርቡ ሰዓቱን፣ የመስኮቱን ቁጥርና በዚያው ቅጽበት የአዳራሹ ስክሪኖች ይሠሩ እንደነበር ጥቀሱ። ስክሪኖቹ ሲጠፉ መስኮቶቹ የሚፈጥኑ ከሆነ፣ ባለሙያው ወደ ውጭው መስመር ከመደወሉ በፊት የሕንፃውን ስዊች የሚፈትሽበት በቂ ምክንያት አለው።