ጋውኑን እንደገና ለመልበስ

በአሜሪካ ከሚሠሩት ሐኪሞች ከአራቱ አንዱ ገደማ ሕክምና የተማረው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ከጎንደር፣ ከጅማና ከጥቁር አንበሳ ተመርቀው ዛሬ እዚያ ታካሚ የሚያዩ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። ያም ሆኖ አንድ ሐኪም በአገሩ ሃያ ዓመት ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ቢኖርም፣ አሜሪካ በገባ ማግስት አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ እንኳ መፈረም አይችልም።

ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየስቴቱ የሕክምና ቦርድ ነው። ወደ ቦርዶቹ የሚወስደው መንገድ ግን በአንድ በር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው፣ መቀመጫው ፊላዴልፊያ የሆነው ኢሲኤፍኤምጂ የሚባል ድርጅት በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ ያጣራል፤ ሬዚደንሲ የሚባለውን የሆስፒታል ሥልጠና ለመጀመር የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬትም ይሰጣል።

ድርጅቱ ሐኪሙ ያቀረበውን ዲፕሎማ አይቶ ብቻ አያምንም። ቅጂውን ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ ይልክና ትክክለኛነቱ ከዚያው እስኪረጋገጥለት ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ ሐኪም ፋይል መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ በሬጅስትራር ቢሮ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ ደብዳቤውን በመመለሱ ወይም ባለመመለሱ ይወሰናል። የግዴታ አገልግሎቱን ሳይጨርስ ወይም የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይዘጋ ከአገር የወጣ ሰው ደግሞ ዋናው ዲግሪ በእጁ ላይኖር ይችላል።

ከዚያ “ስቴፕ” የሚባለው የፈቃድ ፈተና ይመጣል። ስቴፕ ዋን መሠረታዊ የሕክምና ሳይንሶችን፣ ስቴፕ ቱ ደግሞ የክሊኒክ ዕውቀትን ይለካሉ፤ ስቴፕ ስሪን ብዙዎች የሚወስዱት ሬዚደንሲ ከጀመሩ በኋላ ነው። ቀድሞ ታካሚ መስለው በሚቀርቡ ሰዎች ፊት የሚሰጥ የተግባር ፈተናም ነበር። ኮቪድ በ2020 አቋረጠውና በ2021 ጨርሶ ቀረ፤ አሁን በምትኩ የሐኪሞች የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠየቃል። አንዱን ስቴፕ ከአራት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም፤ ለሰርተፊኬቱ የሚያስፈልጉት ፈተናዎችም በሰባት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ከ2022 ጀምሮ ስቴፕ ዋን ነጥቡ ቀርቶ “አለፈ” ወይም “ወደቀ” ብቻ ሆኗል። ይህ ለአሜሪካ ተማሪዎች እፎይታ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ማንም ለማያውቅለት ሐኪም ግን ከፍተኛ ነጥብ ችሎታውን ከሚያሳይባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ነበር።

ከባዱ ነገር ግን ፈተናው አይደለም፤ ሬዚደንሲ ነው። ለውስጥ ደዌ ሦስት፣ ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና አምስት፣ ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ሰባት ዓመት ይወስዳል። በአገሩ ስፔሻሊስት የነበረም በአብዛኛው ከአንድ ይጀምራል።

ቦታ የሚገኘው “ማች” በሚባለው ድልድል ነው። ሐኪሙ በመስከረም ያመለክታል፤ ከቀናው ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ከዚያ ያያቸውን ሆስፒታሎች እንደ ፍላጎቱ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ሆስፒታሎቹም አመልካቾቻቸውን እንዲሁ ይደረድራሉ። ኮምፒውተሩ ሐኪሙን መጀመሪያ በአንደኛ ምርጫው ይሞክረዋል። ክፍት ቦታ ካለ ለጊዜው ይያዝለታል፤ ሆስፒታሉ አብልጦ የመረጠው ሌላ ሰው ሲመጣ ግን ቦታውን ለቆ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይወርዳል። የሚፈናቀል ሰው እስከማይኖር ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ይህን ቀመር በ1990ዎቹ ያሻሻለው አልቪን ሮት በ2012 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከሎይድ ሻፕሊ ጋር ተጋርቷል። ውጤቱ በመጋቢት ይነገራል፤ ሰኞ ቦታ ማግኘት አለማግኘት፣ ዓርብ ደግሞ የት እንደሆነ ይታወቃል። በ2024 ከአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የዓመቱ ተመራቂዎች ከመቶ 93 ያህሉ ሲያገኙ፣ በውጭ ከተማሩ የውጭ ዜጎች ያገኙት ከመቶ 58 ያህሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን አመልካች አይመርጡም። በገጠር ሆስፒታል ብቻውን ሲያዋልድና ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የኖረ ሐኪም ልምዱ ሊያስመሰግነው ሲገባ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ታካሚ ከማይችል እጅ መጠበቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚችለውን ሰው ምን እንደሚችል ሳያዩ ዳር ማስቀመጥ ግን ታካሚንም አይጠቅምም።

ሬዚደንሲውን ጄ ዋን በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሠለጠነም ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ ይጠበቅበታል። ከ1994 ጀምሮ ግን ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ለማገልገል የሚስማሙትን እያንዳንዱ ስቴት በአሜሪካ ማስቀረት ይችላል፤ ቁጥሩ አሁን በዓመት እስከ ሠላሳ ነው።

የሐኪም እጥረቱ ራሱ ሕጉን እያላላው ነው። ቴኔሲ በ2023 ባወጣችው ሕግ በውጭ አገር ሠልጥኖ የሠራ ሐኪም ሬዚደንሲውን ሳይደግም፣ በጊዜያዊ ፈቃድና በክትትል እየሠራ ወደ ሙሉ ፈቃድ የሚያልፍበትን መንገድ ከፍታለች። ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። የስቴፕ ፈተናዎቹ አልቀሩም፤ ሰውን በሥራው መመዘን ግን ከቀድሞው ይልቅ ፍትሐዊ ነው።

መሄድ ያሰበ ሐኪም የትራንስክሪፕቱንና የዲግሪውን ጉዳይ አገር ቤት ሳለ ይጨርስ፤ የሰባቱን ዓመት ስሌትም የመጀመሪያውን ፈተና ከመውሰዱ በፊት ያስብበት። መንገዱን ያለፉት ደግሞ አዲስ የመጣውን በሥራ ቦታቸው አጠገባቸው አቁመው ያሳዩት፤ ሥራውንም አይተው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉለት። ከአሜሪካ ሐኪም ደብዳቤ የሌለው ማመልከቻ ብዙ ርቀት አይሄድም።