ሌሊት የምትበረው የእሳት እራትና የበቆሎ ማሳችን

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት እናወጋችኋለን። ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በቆሎ የብዙ ቤት ቀለብ በመሆኑ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

«ተምችን ድሮም እናውቀዋለን» የሚሉ አባቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነባሩ ተምች ግን በአንዳንድ ዓመት በመንጋ መጥቶ፣ ሳሩንና ሰብሉን በልቶ የሚጠፋ ነው። አሁን የምንነጋገርበት መጤው ተምች የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። በአፍሪካ መከሰቱ የታወቀው በ2008 ዓ.ም በምዕራቡ በኩል ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን ገብቶ በዚያው ዓመት አማራ ክልል ደረሰ።

ታዲያ ቀድሞ የማይታወቀው ነፍሳት አሁን ለምን ተላመደን? እራቷ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ልትበር ትችላለች። አንዷ እንስት በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ እራት አንድ ወር ያህል ብቻ ይፈጃል። በበጋ በመስኖ የሚለማ በቆሎ ካገኘችም ዘሯ አይቋረጥም።

ትሉን የምንለይበት ምልክት አለው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜ ነው። ትሉ አድጎ በበቆሎው እምብርት ከተሸሸገ፣ ኩሱ በላዩ ላይ ስለሚከመር የተረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ ማሳውን ደጋግመን እንይ። ጸጉር መሰል ሽፋን የለበሰ የእንቁላል ክምችት ካገኘን በጣታችን እንጨፍልቀው፤ ትሉንም ለቅመን እንግደል። ልጆችም በዓይናቸው ሊያግዙን ይችላሉ።

መድኃኒት መርጨት ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ እናማክር። ያለ አግባብ መርጨት ተምቹን የሚያጠቁትን ጥቃቅን ተርቦችም ይፈጃል። የመድኃኒቱን ዕቃ ደግሞ ለውሃም ሆነ ለዘይት ፈጽሞ አንጠቀምበት፤ ትሉን የሚገድል መርዝ ልጆቻችንንም ይጎዳል።

እራቷ የማሳ ድንበር አታውቅም። እኛ ለቅመን ጎረቤታችን ቢተው ተመልሳ ትመጣለችና እንደ ደቦው ሁሉ አሰሳውንም በጋራ እናድርገው። ሰበቡን እናድርስ፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው።