የጸሐፍት ቡድን እንዴት ይቆማል?

የጸሐፍት ቡድን የሚባለው፣ አባላቱ በታወቀ ቀን እየተገናኙ ገና ያልታተመ ሥራቸውን አንዱ ለሌላው የሚያነቡበትና የሚተራረሙበት አነስተኛ ስብስብ ነው። ከደራስያን ማኅበር የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ማኅበር የደራሲውን መብትና ጥቅም ለማስከበር ሲቋቋም፣ የቡድን ጉዳይ ግን ረቂቁ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በመዘንጋቱ፣ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ ሲያረቅ ሰንብቶ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብ የሚበተን ቡድን ጥቂት አይደለም።

ሥራን አቅርቦ መታረም በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ሲነግር፣ መምህሩ ቤት የጎደለውንና ምሥጢር ያልሰመረውን እዚያው ያርምለታል። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካለው፣ ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ የሚሻገረው በዚህ እርማት ነው። በጸሐፍት ቡድን ግን መምህር የለም፤ እርማቱ ከእኩዮች የሚመጣ በመሆኑ ሥርዓት ይሻል።

በዚህ ሥርዓት ላይ ሰፊ ተጽዕኖ ያሳደረው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው የጸሐፍት ዐውደ ጥናት ሲሆን፣ ከስሙ ጋር የሚነሣው ልማድ ረቂቁ አስቀድሞ ተባዝቶ እንዲታደልና ውይይቱ ሲካሄድ ደራሲው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ የሚያደርገው ነው። ዝምታው ቢከብድም ምክንያት አለው፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ደራሲው በየአንባቢው ቤት እየዞረ «እዚህ ላይ ለማለት የተፈለገው…» እያለ ሊያስረዳ አይችልም።

ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ይሉኝታ ነው። «ግሩም ነው፣ በርታ» የሚል አስተያየት ወዳጅነትን ያቆይ እንደሆነ እንጂ ረቂቁን አያሻሽልም፤ «አልወደድኩትም» ማለትም ከዚያ አይሻልም። የሚጠቅመው ቦታውን ጠቁሞ የሚናገር አንባቢ ነው፤ ለምሳሌ «በሦስተኛው ገጽ አባትየው ልጁን የሚያባርርበት ምክንያት አልታየኝም፤ በፊት ባለው ገጽ ላይ እየሣቁ ነበር» የሚል። ደራሲው እንዲህ ያለውን ቃል ይዞ ቤቱ ሲገባ ብዕሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ ሦስት ሰዎች በዚያው ገጽ ላይ ከተደናቀፉ ደግሞ፣ ያቀረቡት መፍትሔ ባይጥመው እንኳ ችግሩ እዚያ ለመኖሩ መከራከር አያዋጣውም።

ኢንክሊንግስ በመባል የሚታወቀው የኦክስፎርድ ቡድን ሌላ መልክ ነበረው። ደራስያኑ ሲ. ኤስ. ሉዊስ፣ ጄ. አር. አር. ቶልኪንና ባልንጀሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሐሙስ ማታ በሉዊስ ክፍል ሲሰበሰቡ ደንብም ተመራጭም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የታወቀ ቀንና የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954ና በ1955 የታተመውን «የቀለበቶቹ ጌታ» ገና ረቂቅ ሳለ ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበበው በዚያ ነበር። ይሁን እንጂ ከአባላቱ አንዱ የነበረው ሁጎ ዳይሰን ድርሰቱ እንደሰለቸው በግልጽ ያሳይ ስለነበር፣ እርሱ ባለበት ቶልኪን ማንበቡን እስከ መተው ደርሷል። መሰልቸት ሂስ አይደለም፤ የአንድን የአጻጻፍ ዘርፍ ከነመሠረቱ የማይወድ አባል ምንም ያህል አዋቂ ቢሆን በዚያ ዘርፍ ላይ ፈራጅ ሊሆን አይገባውም።

የአባላቱ ቁጥር ከአምስት እስከ ስምንት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከበዛ የእያንዳንዱ ተራ ይርቃል፣ ካነሰም ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር ስብሰባው ይፈርሳል። ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ሁለት ረቂቅ ይበቃል። እየመጣ የሌላውን ብቻ የሚተችና የራሱን ከቶ የማያቀርብ አባል ግን ውሎ አድሮ የሌሎቹን ድፍረት ስለሚሰልብ፣ ተራው ሦስት ጊዜ ካለፈው በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። ቡድን ለመመሥረት የሚያስቡ ሰዎች ስምና ማኅተም ከመፈለጋቸው በፊት ቀን ቆርጠው፣ በመጀመሪያው ቀን ማን እንደሚያነብ ይወስኑ።