ደም ሳይታይ ሲፈስ

 

አንዱን ሰው በቅሎ ሆዱን ረገጠችው እንበል። ወይም ከዛፍ ወደቀ፤ ወይም የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ቆዳው አልተቀደደም፤ ደም የለም። «እግዜር አተረፈው፣ ይረፍ» እንላለን። ደሙ ግን ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

በሆዳችን ውስጥ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ አንድ ትልቅ ደም ቅዳ ይወርዳል። ደም ቅዳ ማለት ከልብ ደም የሚያመጣ ሥር ነው። ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል። ቅርንጫፎቹ ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ አንጀትና ወደ ኩላሊት ይሄዳሉ። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግር ይወርዳል። ኃይለኛ ምት ሲያርፍ ሥሩ ሊበጠስ ይችላል፤ ወይም ውስጡ ተሰንጥቆ ይዘጋል። የመኪና ቀበቶ ነፍስ ያድናል፤ ነገር ግን ዳሌ ላይ መታሰሩ ቀርቶ ሆድ ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ እሱም ሥሩን ሊጎዳ ይችላል።

አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ደም ሲጎድል ልብ ፈጥኖ ይመታል፣ የቆዳ ሥሮችም ይጠባሉ። ስለዚህ 1 ሊትር የፈሰሰበት ሰው ቁጭ ብሎ ሊያወራችሁ ይችላል። የደም ግፊቱ እንኳ ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያታልለው ይህ ነው! የእጁን አንጓ ይዛችሁ ትርታውን ቁጠሩ። አርፎ ሳለ በ1 ደቂቃ ከ100 በላይ ከመታ፣ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ከጠጠረ አትጠብቁ። ጣፊያ ሲደማ ደግሞ ግራ ትከሻ የሚያምበት ጊዜ አለ። አንድ እግር ብቻ ቢቀዘቅዝና ቢደነዝዝ ወደዚያ የሚወርደው ሥር ተዘግቶ ይሆናል።

ወጌሻ ለወለቀ አጥንት ይጠራ ይሆናል፤ የተመታ ሆድ ግን አይታሽም። አረቄም ሆነ ውኃ አታጠጡት፤ ለቀዶ ሕክምና ሲደነዝዝ ትውከት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። አጋድሙት፣ ጋቢ ደርቡለት፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አድርሱት። ደም የሚሰጥ ዘመድም አብሮ ቢሄድ መልካም ነው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ ደም መኖሩን በጥቂት ደቂቃ ያያል። ሰውየው ከተረጋጋ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ በክንዱ የተወጋው ቀለም የትኛው ሥር እንደተጎዳ ያሳያል። ግፊቱ ከወረደ ግን ፎቶ አይጠበቅም፤ ደም እየተሰጠው ሆዱ ይከፈታል። ትንሹ ሥር ይታሰራል፣ ትልቁ ይሰፋል፤ ካልተቻለም በሌላ ሥር ወይም በሰው ሠራሽ ቱቦ ይቀጠላል። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚደማውን ከውስጥ መድፈንም አለ። ደም የተቋረጠበት አንጀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ችኮላው ለዚህም ጭምር ነው።

ተመርምሮ «ደህና ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰውም ጣፊያው ከቀናት በኋላ ሊደማ ይችላል። ራሱን ካዞረው ወይም ሆዱን እንደገና ካመመው በዚያው ቀን ይመለስ።