ስለ ሩቅ ገዢ ነቀፌታና ስለ መላኪያ ሒሳብ

የትምህርቱ ዘመን ባለቀ ቁጥር በአሜሪካ ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን ያገለገሉ መጻሕፍታችንን፣ አንዳንዶቻችንም ከአባቶቻችን የተረፈውን የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብር በኢንተርኔት ገበያ አውጥተን እንሸጣለን። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም የቤት ኪራዩን በዚሁ የሚያሟላ ጓደኛ አለን። ይኸው ጓደኛችን ባለፈው ወር አንድ ገዢ በጻፈበት የሁለት መሥመር ነቀፌታ ምክንያት ሱቁን ዘግቶ አገኘነው። ነቀፌታው ትክክል አልነበረም። ትክክል አለመሆኑን ግን ለማን እንደሚያመለክት አላወቀም፤ እኛም ስንጠየቅ የምናውቀው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የኢቤይን ደንብና የራሳችንን ስሕተት መርምረን ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር ገዢና ሻጭ አለመተያየታቸው ነው። መርካቶ የሚገዛ ሰው ዕቃውን በእጁ ይዳስሳል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ካልተስማማው ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። በኢንተርኔት የሚገዛው ግን ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ገዢው ደኅናውን ከብልሹው ለመለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣና ገበያው ለብልሹው ይቀራል። (ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈለውም በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።) ፒየር ኦሚድያር በ1995 ኢቤይን ሲያቋቁም የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። በ1996 ያመጣው መፍትሔ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው በአደባባይ እንዲመሰክር ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ምስክርነቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነበር። ነገር ግን ሻጩ «ብትነቅፈኝ እነቅፍሃለሁ» እያለ ገዢውን ዝም ማሰኘት ስለ ጀመረ፣ ኢቤይ በ2008 ሻጭ ገዢን እንዳይነቅፍ ከለከለ። ብዙ ሻጮች ይህን እንደ ግፍ ቈጠሩት። እኛ ግን ደንቡ ሲጐዳን ያየን ብንሆንም በመሠረቱ ትክክል ነው እንላለን፤ በቀልን የሚፈራ ገዢ የሚሰጠው ምስጋና ለማንም አይጠቅምምና።

ጓደኛችንን ያስደነገጠው ሒሳቡ ነው። ከ12 ምስክሮቹ 11ዱ አመስግነውታል፤ አንዱ ሲነቅፈው ከመቶ 91.7 ሆነ። 200 ምስክር ያለው ሻጭ ግን በአንድ ነቀፌታ 99.5 ላይ ይቆያል። ቁጥሩ የሚሰላው ባለፉት 12 ወራት ስለ ሆነ ነቀፌታው ውሎ አድሮ ከሒሳቡ ይወጣል። ደግሞም ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙትን ሙከራ ማስታወስ ይገባል። አንድ ልምድ ያለው የኢቤይ ሻጭ የድሮ ፖስት ካርዶችን በታወቀው ስሙና በአዳዲስ ስሞች ሲሸጥ፣ በታወቀው ስም የተሸጠው የ8.1 ከመቶ ብልጫ አገኘ። በአዲስ ሻጭ ስም ላይ አንድ ወይም ሁለት ነቀፌታ መኖሩ ግን ገዢዎቹ የሚሰጡትን ዋጋ አልቀነሰም። ጓደኛችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሱቁን ባልዘጋ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንምጣ። አንድ ጊዜ በጥር ወር የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ሸጠን በሚድያ ሜይል ላክን። ሚድያ ሜይል የአሜሪካ ፖስታ ለመጻሕፍትና ለመሳሰሉት ያዘጋጀው አገልግሎት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ስለዚህም ቀስ ይላል። ለመላኪያ 9 ዶላር አስከፍለን ነበር። ጥቅሉ በዘጠነኛው ቀን ሲደርስ ገዢው በላዩ የተለጠፈውን ዋጋ አየ፤ 6 ዶላር ይል ነበር። ወዲያው «ዘገየ፤ በፖስታ ስም 3 ዶላር ሰረቁኝ» ብሎ ጻፈ። 3ቱ ዶላር ግን የካርቶን፣ የማሸጊያና የኢቤይ ድርሻ ነበር፤ ኢቤይ ድርሻውን የሚቈርጠው ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከመላኪያውም ጭምር ነውና። እኛም እውነት ከእኛ ጋር ነው ብለን በእኩለ ሌሊት ተቀምጠን፣ የሰውየውን የሒሳብ ችሎታና አስተዳደግ የሚነካ መልስ ጻፍን። ለአንድ አስተያየት የሚፈቀደው መልስ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሱቃችንን የጐበኘ ሁሉ ነቀፌታውን አልፎ የእኛን ስድብ ያነብ ጀመር።

መልሱ የሚጻፈው ለሚቀጥለው ገዢ እንጂ ለነቃፊው አልነበረም። «መጽሐፉ በተሸጠ ማግሥት ተልኳል፤ 9ኙ ዶላር ማሸጊያን ይጨምራል፤ ይህን በማስታወቂያው ላይ ሳንገልጽ በመቅረታችን ይቅርታ» ብንል ይበቃ ነበር። ከመልሱም በፊት ሌላ መንገድ ነበረ። ሻጩ ከገዢው ጋር ተነጋግሮ ከታረቀ፣ አስተያየቱን እንዲያሻሽልለት በኢቤይ በኩል ሊጠይቀው ይችላል። ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚፈቀደውም ከ1000 አስተያየት 5 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ በከንቱ አይባክንም። እኛ ዛሬ ማሸጊያውን በመጽሐፉ ዋጋ ውስጥ አግብተን ለመላኪያ የፖስታውን ዋጋ ብቻ እንጠይቃለን። ድምሩ ያው ነው፤ ክርክሩ ግን ቀርቷል።

በሚድያ ሜይል ከመጽሐፍ ጋር ሹራብ ወይም ቡና አብሮ መላክ ክልክል መሆኑን እዚህ ላይ እናሳስባለን። ፖስታ ቤቱ ጥቅሉን ከፍቶ ሊያይ፣ የዋጋውንም ልዩነት ከተቀባዩ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ የተቈጣ ገዢ ቢነቅፈን የምንመልሰው የለንም።

ከመዘግየት የከፋው «አልደረሰኝም» የሚለው ክስ ነው። ገዢው ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ሊከስ ይችላል፤ ሻጩ ለመመለስ 3 የሥራ ቀን አለው፤ ካልተስማሙ ኢቤይ ይፈርዳል። ኢቤይም የሚያየው ወረቀት ነው። የመከታተያ ቁጥር የሌለው ሻጭ፣ እውነተኛም ቢሆን፣ ይረታል። 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕቃ ደግሞ የተቀባዩ ፊርማ ያስፈልጋል። ሆኖም ገዢውን ሌባ ከማለት በፊት ጎረቤቱን ወይም የመኝታ ቤቱን የፖስታ ክፍል ይጠይቅ ዘንድ በትሕትና መጻፍ ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ጥቅላችን የተገኘው እዚያው ነው።

«ግማሹን ዋጋ ካልመለስክ እነቅፍሃለሁ» የሚል ገዢም አለ። ኢቤይ ይህን ከልክሏል፤ ማስፈራሪያው በኢቤይ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ከተጻፈ ሻጩ አመልክቶ አስተያየቱን ማስነሣት ይችላል። ስለዚህ «በስልክ እንነጋገር» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ወደ ውጭ አገር ቴምብር ስትልኩም በጉምሩክ ወረቀት ላይ «ስጦታ» ብላችሁ ጻፉልን የሚሉ አሉ። ይህ የሐሰት ቃል ነው፤ ጥቅሉም ቢጠፋ ካሣ የሚጠየቀው በተጻፈው ዋጋ ልክ ነው። ቀረጡን ገዢው እንደሚከፍል አስቀድሞ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ነግረነው የደረሰበትን ነቀፌታ አብረን እንደ ገና አነበብነው። ከሁለቱ መሥመር አንዱ ሐሰት ነበር። ሁለተኛው ግን «ሽፋኑ የተቀደደ መሆኑ አልተነገረኝም» ይላል፤ ይህ እውነት ነው። መልሱን ሲጽፍ ሐሰቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስተባብሎ ስለ ሽፋኑ ይቅርታ ጠየቀ። ሱቁንም ባለፈው ሰኞ ከፍቷል። አሁን ያወጣው የፊዚክስ መጽሐፍ ነው፤ ጠርዙ የተነካበትን ገጽ ለብቻው ፎቶግራፍ አንሥቶ ከፊት አድርጎታል።