የዶፕለሯ ትንሽ መስመር

አልትራሳውንድ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ነፍሰ ጡር ይሄዳል። ያው መሣሪያ አንገት ላይ ሲያርፍ ግን ወደ አንጎል በሚወጣው ካሮቲድ በተባለው ደም ቅዳ ውስጥ ደም እንዴት እንደሚሮጥ ያሳያል፤ ያለ መርፌ፣ ያለ ጨረር። ስትሮክን አስቀድሞ ለመከላከል ይህን ያህል የሚረዳ ምርመራ መዘንጋቱ ያሳዝነኛል።

መሠረቱ ቀላል ነው። ድምፅ ከሚንቀሳቀስ ነገር ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል። ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ የሚያወራው ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር፤ በ1845 ኔዘርላንዳዊው ባይስ ባሎት ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ በድምፅ አረጋገጠው። በአንገቱ ምርመራ ድምፁን የሚያነጥረው ቀይ የደም ሴል ነው። የደም ቧንቧው በስብ ክምችት ሲጠብ ደሙ በጠባቡ በኩል ይፈጥናል።

ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ማሽኑ በቀጥታ ፍጥነት የሚለካ ይመስላቸዋል። አይለካም! የሚያገኘው የድግግሞሹን ለውጥ ብቻ ነው። ያንን ወደ ፍጥነት ለመቀየር የድምፁ ሞገድና የደሙ ፍሰት በስንት ዲግሪ እንደሚገናኙ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚነግረው መርማሪው ነው። ስክሪኑ ላይ ቧንቧው መሀል አንዲት አጭር መስመር አለች። መርማሪው ቁልፉን እያዞረ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ትይዩ ያደርጋታል።

እናስላው። ትክክለኛው ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 100 ሳንቲሜትር ይሁን። መስመሯ 70 ላይ ከተተወች ማሽኑ 146 ይላል። በ2003 የታተመው የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ስምምነት ከ125 በታች ያለውን 50 በመቶ ያልደረሰ ጥበት ብሎ ይመድባል፤ ከ125 እስከ 230 ያለውን ከ50 እስከ 69 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ታካሚው የሌለበትን ደረጃ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እውነተኛው ማዕዘን 30 ቢሆን ኖሮ ያው የ10 ዲግሪ ስህተት 113 ብቻ ይሰጥ ነበር። ከ60 አትለፉ የሚባለው ለዚህ ነው። 90 ላይማ የሚፈስ ደም የቆመ ይመስላል።

አንድ አዛውንት በተለያየ ቦታ የተነሱትን ሁለት ውጤት ይዘው መጥተው «ልጄ፣ በአንድ ወር እንዲህ ባሰብኝ?» አሉኝ። ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሁለተኛው ላይ መስመሯ ግድግዳውን አቋርጣ ተጋድማለች። «አልባሰብዎትም አባባ፣ በደንብ አልተለካም እንጂ» አልኳቸው፤ እንደገና ስንለካውም ቁጥሩ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። መስመሯን ካለፈው ታካሚ እንደተረፈች የምትተዉ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ አዙሯት። ሪፖርት ላይ ቁጥር ብቻ የምታነቡ ሐኪሞችም ምስሉን ጠይቁ።

ሌላም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ፤ ስክሪኑ ላይ በቀይ የሚታየው ደም ቅዳ፣ በሰማያዊ የሚታየው ደም መልስ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀለሙ የሚያሳየው ደሙ ወደ መሣሪያው እየመጣ ወይም እየራቀ መሆኑን ብቻ ነው።

ዝቅተኛ ቁጥርም ሁልጊዜ ደህና ማለት አይደለም። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፈው ደም ስለሚያንስ ፍጥነቱ መልሶ ይወርዳል። ያኔ ጥበቱን የሚያሳየው ምስሉ ነው።